ስፔንና ፈረንሳይ የተካፈሉት ገዳም

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ርዕሰ መምህሩ አንድ ፓኮ ጠመኔ፣ አንድ ዳስተርና ሽፋኑ የተገነጠለ የኅብረተሰብ ሳይንስ መጽሐፍ አስታቀፈኝና «ሰባተኛ ለዎች እየጠበቁሽ ነው» አለኝ። ገና ከመኪና መውረዴ ነበር። «ሻንጣዬንስ የት ላድርገው?» ብዬ ስጠይቀው «ይዘሽው ግቢ፤ አይበሉትም» አለ። ይዤው ገባሁ።

ተማሪዎቹ ተነሥተው ቆሙ። እኔ እስኪቀመጡ እጠብቃለሁ፣ እነሱ «ተቀመጡ» እስክላቸው ይጠብቃሉ። እንዲህ ተፋጥጠን ብዙ ቆየን። በመጨረሻ የክፍሉ አለቃ «ቲቸር፣ እርስዎ ተቀመጡ ካላሉን አንቀመጥም» አለችኝ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ በተፈጥሮዬ ቁጡ ነኝ፤ ያን ቀን ግን ከድካሜ የተነሣ አብሬ ሳቅሁ። ጥሩ አጀማመር ነበር ማለት ይቻላል።

የትምህርት ቤቱን ስም አልጠራም፤ ብዙዎቹ ሰዎች ዛሬም እዚያው ናቸው። ከቁይ ከተማ ብዙም ሳይርቅ ያለ፣ ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል የሚያስተምር ትምህርት ቤት ነው ማለት ይበቃል። እኔ ደሴ ተምሬ ተመረቅሁና በዕጣ ምሥራቅ ጎጃም ደረሰኝ። ዕጣው የወጣ ቀን አልቅሻለሁ። ጎጃም ማንንም አላውቅም ነበር፤ ከድጃ የሚባል ስም ይዤ ደብሩና ገዳሙ የበዛበት አገር መሄዴ አስፈርቶኝ ነበር። ፍርሃቱ የወሰደብኝ ከአንድ ወር የማይበልጥ ጊዜ ነው። የቤት አከራዬ ጾማቸው ሲገባ ይነግሩኛል፣ የኔ ጾም ሲገባ ደግሞ ከኔ ቀድመው ጨረቃ ያያሉ።

የመምህር ዕድገት በደረጃ ነው። ጀማሪ መምህር ሆኜ ገባሁ፤ ከዚያ መለስተኛ፣ ከዚያ መምህር፣ ከዚያ ከፍተኛ መምህር ሆንኩ። አሁን የምነግራችሁ ነገር ሲደርስ አሥራ አንድ ዓመት አገልግዬ ተባባሪ መሪ መምህር የሚለውን ደብዳቤ ከተቀበልኩ ሦስት ወር አልሞላኝም። እንደዚያ ዘመን ተኮፍሼ አላውቅም።

የኩራቴ ምንጭ ሰሌዳዬ ነበር። ጽሑፌ ያምራል። ሰሌዳውን በሦስት ከፍዬ፣ ርዕሱን በቀይ ጠመኔ አስምሬ፣ ኖቱን ከጥግ እስከ ጥግ እሞላዋለሁ። ሊገመግሙኝ የሚመጡ ሁሉ በቅጹ ላይ «የሰሌዳ አጠቃቀም፦ እጅግ በጣም ጥሩ» ብለው ይጽፉ ነበር። ተማሪው ይገለብጣል፣ እኔ አጠፋለሁ፣ እንደገና እሞላለሁ። ማስተማር ይህ ይመስለኝ ነበር።

የስምንተኛ ክፍል ትምህርት ውስጥ ስለ ቅኝ ግዛት ንግድ የሚናገር ክፍል አለ። እኔ ሁልጊዜ ምሳሌ የማደርጋት በካሪቢያን ባሕር ላይ ያለችውን ሂስፓኒዮላን ነው። አንዲት ደሴት ናት፤ ምሥራቋን ስፔን፣ ምዕራቧን ፈረንሳይ ይዘዋት ነበር። የስፔን ንጉሥ የራሱ ሰፋሪዎች ከስፔን መርከብ በቀር ከማንም ጋር እንዳይሸጡ እንዳይለውጡ ከለከለ። መርከቡ ደግሞ ሲያሻው ይመጣል፣ ሲያሻው ይቀራል። ሰፋሪዎቹ ከብትና ቆዳ ሞልቷቸው፣ ቆዳውን የሚገዙ የሌላ አገር ነጋዴዎች ደግሞ እደጃቸው ቆመው፣ ሕጉ ግን አይሆንም ይላል።

ደብዳቤውን በተቀበልኩበት ዓመትም ይህን ሁሉ በሚያምር ጽሑፍ ሰሌዳው ላይ አሰፈርኩት። ንጉሡ የከለከለበትን ምክንያት ልጽፍ ስል ደወል ተደወለ። በቃሌ አንድ ዓረፍተ ነገር ተናግሬ ወጣሁ። በማግስቱ በዓል ነበር፤ በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ሌላ ርዕስ ጀመርኩ።

ያን ዓመት የጉድኝቱ ሞዴል ፈተና ሲዘጋጅ ከየትምህርት ቤቱ ጥያቄ ተሰበሰበ። ጉድኝት የምንለው በአንድ ሱፐርቫይዘር የሚመሩ የጎረቤት ትምህርት ቤቶችን ስብስብ ነው። ከኔ ጥያቄዎች አንዱ ተመረጠልኝ፦ «የስፔን ንጉሥ በደሴቲቱ የሚኖሩት ሰዎቹ ከፈረንሳዮች ጋር እንዳይነግዱ የከለከለው ለምን ነበር? በአጭሩ አብራሩ።» አራት ነጥብ የያዘ፣ ምሳሌውን ለተማረው ለኔ ክፍል ለስምንተኛ ለ ብቻ የተመደበ ጥያቄ ነው። ተማሪዎቼ ፉት ይሉታል ብዬ በሆዴ ደስ ብሎኛል።

ፈተናው ከተሰጠ በኋላ አንድ ሰኞ ጠዋት የሦስተኛውን ክፍለ ጊዜ ጨርሼ ስወጣ ርዕሰ መምህሩ አቶ ሙሉሰው ቢሮ ተጠራሁ። የጉድኝቱ ሱፐርቫይዘር አቶ ልንገረው ካኪ ፖስታ ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ኮታቸውን ሁልጊዜ እስከ ላይ የሚቆልፉ፣ ቃላቸውን የሚቆጥቡ ሰው ናቸው። በልጅነታቸው ዲማ ቅኔ ቤት ቆይተው ነው ወደ ዘመናዊ ትምህርት የገቡት።

«መምህርት ከድጃ፣ ይቺን ያንብቡልኝ» አሉ።

አነበብኩ። «ደሴት ገዳም ስለሆነ፣ በገዳም ደግሞ መነገድ ስለማይፈቀድ ነው።»

«ይቺንስ?»

«የጸሎት ቦታ ስለሆነ ንግዱ መነኮሳቱን እንዳያውክ ብሎ ነው።»

«ይቺንስ?»

«በአንድ ገዳም ሁለት አበምኔት ስለማይሾም ነው።»

ይህችን ሳነብ ሳቄ አመለጠኝ። እሳቸው አልሳቁም። ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ እየደረደሩ «ከአርባ ስድስቱ ልጆች ሠላሳ አንዱ ይህንኑ ነው የጻፉት» አሉ። «ትክክለኛ መልስ አንድ ዓይነት ቢሆን አይደንቀኝም። የሚሳሳት ሰው ግን በየራሱ መንገድ ነው የሚሳሳት። ሠላሳ አንድ ልጅ አንድ ዓይነት ስሕተት በምን ተገናኝቶ ጻፈ? ወይ አንድ ወረቀት ዞሯል፣ ወይ አንድ ሰው ነግሯቸዋል።»

«አንድ ሰው» ሲሉ ዓይናቸው እኔ ላይ ነበር።

ደሜ ፈላ። «ስለ ገዳም የምነግራቸው እኔ ነኝ፣ አቶ ልንገረው? ከድጃ?»

አቶ ሙሉሰው ሳል ያዘው። ሱፐርቫይዘሩ ግን ቅንድባቸው እንኳ አልተነቃነቀም። «የእርስዎን ሃይማኖት አልጠየቅሁም። የጠየቅሁት ወረቀቱን ነው» አሉ።

ከዚያ ውሳኔውን ተናገሩ። መገልበጡ ከተረጋገጠ የሠላሳ አንዱ ልጆች የኅብረተሰብ ፈተና ይሰረዛል። የሞዴሉ ውጤት ከሴሚስተሩ ጋር ስለሚደመር ብዙዎቹ ከማለፊያው በታች ይሆናሉ፤ በታች የሆነ ደግሞ ሰው ሁሉ ሚኒስትሪ ለሚለው የስምንተኛ ክፍል ፈተና አይመዘገብም፣ ዓመቱን ይደግማል። የተፈታኞች ስም ዝርዝር ዓርብ ለወረዳው መድረስ አለበት። «እስከ ሐሙስ ጠዋት ማስረጃ ካለዎት እሰማለሁ» አሉና ወረቀቶቻቸውን ሰብስበው ተነሡ።

ከዚያ ቀጥሎ ያደረግሁትን ሳስበው እስካሁን ያንገበግበኛል። በቀጥታ ስምንተኛ ለ ገብቼ ጮህኩባቸው። «ማን ነው ያዞረው? ማን ነው የጀመረው?» አልኩ። እኔ ዝምታቸውን ጥፋት አደረግሁት።

ይመኙሻል የምትባል ልጅ ከሦስተኛው ረድፍ ተነሣች። ጎበዝ ናት፣ ግን ቃል አይወጣትም ነበር። «ቲቸር፣ ማንም አላዞረም። ሁላችንም የምናውቀው ነገር ነው» አለች።

«ትመልሺልኛለሽ?» ብዬ ከክፍል አስወጣኋት። ልጅቷ እውነቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ነግራኝ ነበር፤ እኔ ለስድብ ቆጠርኩት።

ማክሰኞ የይመኙሻል አባት መጡ። አያ ስመኝ ይባላሉ፤ ጤፍና ስንዴ የሚያርሱ፣ ሁለት ሰዓት በእግራቸው ተጉዘው የመጡ ሰው። አቶ ሙሉሰው ወንበር ቢያቀርብላቸው አልተቀመጡም።

«ልጄን ሌባ ናት አላችኋት አሉ» አሉኝ።

«ገና እየተጣራ ነው፣ አያ ስመኝ።»

«እኔ ንግግር አላውቅም፣ መምህርት። እናቷ ተው ትዳር ስትል፣ እኔ ነኝ ትማር ያልኩ። ካለፈች ዘጠነኛ ትገባለች፣ ከወደቀች እድራታለሁ ብያለሁ። በሽማግሌ ፊት ነው ያልኩት። ብትወድቅ እንኳ ትድገም ብዬ ሽማግሌዎቹን እለምን ነበር፤ ሰረቀች ለተባለች ልጅ ግን ምን ብዬ ልሟገትላት? እርስዎ ሁለት ዓመት አስተምረዋታል። ሰርቃለች ይበሉኝ ወይ አልሰረቀችም ይበሉኝ።»

«አላውቅም» አልኳቸው።

ዱላቸውን ከግድግዳው አንሥተው ወጡ። ብዙ ወላጅ ሰድቦኝ ያውቃል፤ እንደ አያ ስመኝ አወጣጥ ግን የቆረጠኝ የለም።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ክፍለ ጊዜ ስላልነበረኝ ወደ ደብረ ወርቅ ተሳፈርኩ። እዚያ መምህር አበጀ የሚባል ወዳጅ አለኝ፤ እኛ ጋ አራት ዓመት አብሮኝ ያስተማረና ወደዚያ የተዛወረ፣ የዚያው አገር ልጅ ነው። ምን እንደምጠይቀው እንኳ አላውቅም፤ ብቻ አማካሪ ፈለግሁ። አቶ ሙሉሰው ያስቀረልኝን የወረቀቶቹን ቅጂ ይዣለሁ።

ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡት እናት ዶሮ በቅርጫት ይዘዋል። ጥቂት እንደሄድን «ምን ሆነሽ ነው ፊትሽ እንዲህ የጠቆረ?» አሉኝ።

«ተማሪዎቼ ሰርቀዋል ተብለው ነው።»

«ምን ወስደው?»

«መልስ» አልኩ። ግር ሲላቸው ጊዜ ጥያቄውንና የልጆቹን መልስ አነበብኩላቸው።

ሰምተው ጨረሱና «ታዲያ ምን አጠፉ? ደሴት ገዳም አይደለም ወይ?» አሉ።

«ደሴት ማለት ዙሪያውን በውኃ የተከበበ መሬት ነው እኮ፣ እናቴ።»

«እሱማ ነው። ውኃ የከበበው ገዳም።»

ረዳቱ በሩ ላይ እንደተንጠለጠለ ዘወር ብሎ «ሌላ ዓይነት ደሴት አለ እንዴ?» አለ። ከኋላ አንድ ሰውዬ «ሴት የማይገባበት አለ፣ ሴት የሚገባበት አለ» ሲል መለሰለት። እሱን ይዘው ሙግት ጀመሩ። የጣና ደሴቶች አንድ በአንድ ተቆጠሩ፤ የትኛው ለሴት ይፈቀዳል፣ የትኛው አይፈቀድም፣ ማን መቼ ሄዶ ተሳለመ። ሹፌሩ ሳይቀር ገባበት። ከአንዳቸውም አፍ ዓሣ አጥማጅ፣ ነጋዴ፣ ወታደር፣ እርሻ የሚል ቃል አልወጣም።

እኔ የተወለድኩት አሰብ ነው። አባቴ ወደብ ላይ ዕቃ አውራጅ ነበር፤ ልጅ ሆኜ ነው ወደ ደሴ የመጣነው። ደሴት ሲባል እኔ ዓይን ላይ የሚመጣው ጀልባ፣ ጨው፣ ፍየልና ተደብቆ የሚያልፍ ዕቃ ነው። ሰው ሁሉ ይህን የሚያይ ይመስለኝ ነበር። እነዚህ ልጆች ባሕር አያውቁም፤ የሚያውቁት ደሴት ወላጆቻቸው ለመሳለም የሚሄዱበትን ነው። ደሴት ምንድን ነው ብዬ ስጠይቃቸው ሁሉም «ዙሪያውን በውኃ የተከበበ መሬት» ብለው ይመልሱልኝ ነበር፣ እኔም ልክ ብዬ አልፋለሁ። ውኃው መሐል ምን እንዳለ ግን አንድ ቀን ጠይቄያቸው አላውቅም።

እናትየዋን እጃቸውን ይዤ ሳምኳቸው። «ምን አገኘሽ?» አሉ እየሳቁ። ዶሮዋ ጮኸች።

ደብረ ወርቅ ስደርስ አበጀ ክፍል ሊገባ ነበር። በችኮላ ነገርኩት። በግንባሩ ላይ እጁን አድርጎ ጥቂት አሰበና «እኔም ብሆን ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ይህንኑ እጽፍ ነበር መሰለኝ» አለ።

«አስተያየትህ አይበቃም፤ አቶ ልንገረው ወረቀት ካልሆነ አያምኑም። ተማሪዎችህን ለሩብ ሰዓት ስጠኝ።»

«ስለዚህች ደሴት አላስተማርኳቸውም።»

«እንዲያውም ይሻላል።»

ክፍሉ ውስጥ አርባ ሁለት ልጆች አሉ። ሌላ ጉድኝት ናቸው፤ የኛን ፈተና አላዩም፣ የኛን ልጆች አያውቁም። ሰሌዳው ላይ ሦስት መስመር ብቻ ጻፍኩ፦ ደሴቲቱን ስፔንና ፈረንሳይ ተካፈሏት፤ የስፔን ንጉሥ ሰዎቹ ከፈረንሳዮች ጋር እንዳይነግዱ ከለከለ፤ ለምን? አበጀ ወረቀት አደለ። እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ቆመን አንድም ሰው ዞር እንዳይል ጠበቅን። ሲጨርሱ ሰበሰብን፤ እሱ እያንዳንዱ ወረቀት ላይ ፈርሞ ቀኑን ጻፈበት።

እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ማገላበጥ ጀመርኩ። የመጀመሪያው «ሊነጥቁት ስለፈለጉ» ይላል። ልቤ ወረደ። ሁለተኛው «ስለሚጣሉ»። ሦስተኛው «ደሴት የጸሎት ቦታ ስለሆነ።» አራተኛው «ገዳም ውስጥ ገበያ ስለማይቆም።» አምስተኛው «መናንያን ስላሉበት።» እየቆጠርኩ እንባዬ ወረቀቱ ላይ ይንጠባጠብ ጀመር። ከአርባ ሁለቱ ሃያ ሰባቱ ገዳም ነው ብለዋል። አንዲቱ «ፈረንሳዮች ጾም ስለሚገድፉ» ብላለች። አበጀ «አታርጥቢው፣ ማስረጃ ነው» አለና ከእጄ ነጠቀኝ። ከሰኞ ጀምሮ እንደዚያ ስቄ አላውቅም ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ወረቀቶቹን በክር አስሬ አቶ ልንገረው ፊት አስቀመጥኩ። መነጽራቸውን አደረጉ፤ አርባ ሁለቱንም አንድ በአንድ አነበቡ። አቶ ሙሉሰው በመስኮቱ በኩል ቆሞ ጥፍሩን ይበላል።

«እነዚህ ልጆች ከኛ ልጆች ጋር የሚገናኙበት ነገር አለ?» አሉ ሲጨርሱ።

«የለም። ጥያቄውን ያዩት ትናንት ከሰዓት፣ እኛ ፊት ነው።»

«አስተማሪያቸውስ?»

«ይህን ርዕስ አላስተማራቸውም። ፊርማው እላዩ ላይ አለ።»

ፊርማውን ተመለከቱ። ያን ጊዜ ድፍረት አገኘሁና «አቶ ልንገረው፣ ይፍቀዱልኝና አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎ። ደሴት ሲባል እርስዎስ መጀመሪያ ምን ይታይዎታል?» አልኩ።

መነጽራቸውን አወለቁ። ከዚያ ሳያስቡት ከንፈራቸው ፈገግ አለና «ቅጽር» አሉ። «ቅጽርና ደወል። ሌላማ ምን ይታየኛል?» ኮታቸውን የላይኛውን ቁልፍ ፈቱ፤ ሲፈቱት ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲያው ፊታቸው ተመለሰ። «መሳሳት መስረቅ አይደለም። ስረዛው ቀርቷል። መልሱ ግን መልስ አይደለም፤ ሠላሳ አንዱም በዚህ ጥያቄ ዜሮ ያገኛሉ። የቀረው ነጥባቸው እንዳለ ይያዝ።» ለአቶ ሙሉሰው ስም ዝርዝሩን ገፉለት። «ዛሬውኑ ይላክ።» ከዚያ ወደኔ ዞሩ። «ሠላሳ አንድ ልጅ በአንድ መንገድ ከሳተ መንገዱን ያሳየው ማን ነው?»

«ጥፋቱ የኔ ነው» አልኩ። «መንገዱን አላሳየሁም። የራሳቸውን ይዘው ሄዱ።»

«እንግዲህ ይመልሷቸው» አሉኝ።

ከቢሮው ስወጣ ግድግዳ ተደግፌ «አልሐምዱሊላህ» አልኩ። የጥበቃው ሰውዬ ታመምኩ መስሎት ውኃ አመጣልኝ።

ስምንተኛ ለ ገብቼ መጀመሪያ ይመኙሻልን አስነሣሁ። በክፍሉ ሁሉ ፊት «ሰኞ ዕለት እውነቱን ነግረሽኝ ነበር፤ ያስወጣሁሽ በስሕተት ነው። ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኳት። እንዲህ ያለ ነገር አስተማሪ ሲል ሰምተው ስለማያውቁ ደነገጡ። እሷ ጣሪያ ጣሪያውን እያየች «ምንም አይደለም፣ ቲቸር» አለች።

ከዚያ ጠመኔ አላነሣሁም። የከብት ገመድ ይዤ መጥቼ ነበር፤ ክፍሉን ከሰሌዳው እስከ ኋላው ግድግዳ ለሁለት ከፈልኩበት። «ይህ ደሴት ገዳም የለበትም። ከብትና ነጋዴ ነው ያለበት» አልኳቸው። በግራ ያሉት የስፔን ሰፋሪ ሆኑ፤ ከካርቶን የተቆረጠ ቆዳ ሰጠኋቸው። በቀኝ ያሉት ፈረንሳዮች ሆኑ፤ በስኳራቸው ፈንታ ከረሜላ ሰጠኋቸው። ለግራዎቹ «ቆዳችሁን የምትሸጡት ለመርከቡ ብቻ ነው፤ መርከቡ እኔ ነኝ። ስመጣ እመጣለሁ» ብዬ በሩን ዘግቼ ወጣሁ።

በመስኮት አያቸዋለሁ። መጀመሪያ ጭምት ሆነው ተቀመጡ። ከዚያ አንዱ ቆዳውን በገመዱ ሥር አሾለከው፤ ከወዲያ ከረሜላ መጣለት። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ገመዱ እየተወዛወዘ ክፍሉ የቅዳሜ ገበያ ሆነ። በሩን በድንገት ስከፍት ይመኙሻል ጉንጯ በከረሜላ አብጦ፣ እጇ ላይ አንድም ቆዳ የለም።

«ሕጉን ለምን ጣስሽ?» አልኳት።

«ቲቸር፣ መርከቡ መቼ እንደሚመጣ አላወቅንማ። እነሱ እዚሁ ናቸው።»

«ታዲያ ንጉሡ ለምን ከለከለሽ?»

አሰበች። «ከሱ ሌላ ቆዳ ገዥ እንዳይኖረኝ ነዋ። ገዥ አንድ ብቻ ከሆነ ባለው ዋጋ እሸጥለታለሁ።»

አሥራ አንድ ዓመት በሚያምር ጽሑፍ የጻፍኩትን ነገር በአፏ ሙሉ ከረሜላ ይዛ ነገረችኝ። የቀረውንም ነገርኳቸው፦ የስፔን ሹሞች በምዕራብ በኩል ኮንትሮባንዱን ለማጥፋት ብለው የራሳቸውን ሰዎች ቤት አቃጥለው፣ ከብቱንና ሰውን ወደ ምሥራቅ ነዱት። ባዶ በቀረው መሬት ቀስ በቀስ ፈረንሳዮች ገቡበት። ሁለተኛ መንግሥት እደሴቲቱ ላይ የተተከለው በዚህ መንገድ ነው። በኋላም ቢሆን የምሥራቁ ከብት ድንበሩን እየተሻገረ ለምዕራቡ መሸጡ አልቀረም።

ከቀኝ በኩል አንድ ልጅ «የኛን ስኳር ማን ነበር የሚያመርተው?» ብሎ ጠየቀ።

«ከአፍሪካ በሰንሰለት ታስረው የተወሰዱ ሰዎች» አልኩ። ከረሜላውን ማኘክ አቆሙ። ይህንንም በየዓመቱ እጽፈው ነበር፤ ክፍሉ እንዲህ ጸጥ ብሎ አያውቅም።

ይመኙሻል ሚኒስትሪ ተቀመጠች። ውጤቱ የተለጠፈ ቀን ስሟን ከማንም በፊት የፈለግሁት እኔ ነኝ። አልፋለች። ከሠላሳ አንዱ አራቱ አልሆነላቸውም፤ እነሱም የወደቁት በራሳቸው ነጥብ ነው፣ የማንም ስርቆት ስማቸው ላይ አልተጻፈም።

አያ ስመኝ ካርዷን ሊወስዱ መጡ። ዘጠነኛ ክፍል ቁይ ስለሆነ ቤት ሊከራዩላት ነበር የሚሄዱት። ካርዱን ተቀብለው በጥንቃቄ አጥፈው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ካስገቡ በኋላ «መምህርት፣ ያን ቀን አላውቅም ብለውኝ ነበር» አሉ።

«አዎ፣ ብያለሁ።»

«ከደጅ ወጥቼ ለጋብቻዋ ሽማግሌዎቹን መቼ እንደምጠራ ነበር የማስበው። ቤት ስደርስ እሷን ጠየቅኋት። ‹አባባ፣ እውነት የሚመስለኝን ነው የጻፍኩት› አለችኝ። እስከ ዓርብ ልታገሥ አልኩ።» እጃቸውን ዘረጉልኝ። «ደግ አደረግሁ።»

አሁን ደብረ ማርቆስ ነኝ፤ ከፍተኛ መሪ መምህር ሆኜ ጀማሪዎችን ክፍል እየገባሁ አያለሁ። ሰሌዳቸው ሲያምር አመሰግናቸዋለሁ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ እነግራቸዋለሁ። ተማሪ የተሳሳተ መልስ ሲሰጣችሁ ከመቅጣታችሁ በፊት ለምን እንዲህ እንዳለ ጠይቁት። እኔ ለመጠየቅ አሥራ አንድ ዓመት ፈጅቶብኛል፤ ሳልጠይቅ አንዲት ልጅ ልትዳርብኝ ነበር።